ሁለቱንም የሰማ ይስቃል

እዚህ ከምባታ፣ ዳምቦያ ላይ የተሰበሰብንበት የዛሬው ርእስ ለሕዝብ ትምህርት የማይመጥን ይመስል ይሆናል። ቀልድ ቡና ሲፈላ፣ ለቅሶ ቤት ሲታደር፣ መናኸሪያ ውስጥ መኪናው እስኪሞላ ሲጠበቅ የሚወራ እንጂ ተቀምጠው የሚማሩት ነገር አይደለም የሚል አይጠፋም። ሰው በየቀኑ እያደረገው ለምን እንደሚያደርገው ከማይጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ግን ሳቅ ነው። በተለይ ከቃል የሚወለደው ሳቅ፣ አንዱ ተናግሮ ሌላው ሌላ ሲሰማ የሚነሣው ሳቅ፣ ስለ ቋንቋችንና ስለ አብሮነታችን ብዙ ይነግረናል። ብዙ ሰው የዚህ ዓይነት ቀልድ ምንጩ አለመግባባት ነው ብሎ ያምናል። እኔ ይህን እምነት ልሞግት ነው የመጣሁት። አለመግባባት ብቻውን ከሆነ ጠብ ይወልዳል፣ ኪሳራ ይወልዳል፣ አንዳንዴም እንባ ያመጣል። ሳቅ የሚመጣው ሁለቱንም ትርጉም በአንድ ጊዜ የያዘ ሰሚ ሲኖር ነው። ይህ እውነት ከሆነ ደግሞ የትኛው ቀልድ እንደሚያቀራርብ፣ የትኛው እንደሚያቆስል የምንለይበት መለኪያ በእጃችን ይገባል።

ከማዕድ ቤት ምሳሌ እንጀምር። የአማርኛ ስሞች ብዙዎቹ የታወቀ ፍች ያላቸው ቃላት፣ አንዳንዶቹም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። ደረሰ የሚባለው ሰው ሲዘገይ «ደረሰ ገና አልደረሰም» ይባላል፤ ታረቀኝ የሚባለው ጎረቤት ሲያኮርፍ «ታረቀኝ ተጣላኝ» ይባላል። አሁን አንድ እንግዳ ገበታ ቀርቦለት፣ የቤቱ እመቤት ወጥ እየጨለፈችለት ነው እንበል። ይበቃል የሚባል ልጅ አላት፤ ልጁ ደጅ ይጫወታል። እናት ውኃ እንዲያመጣላት ፈልጋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ይበቃል!» ትላለች። እንግዳው ደንግጦ እጁን ይሰበስባል። ወዲያው ከደጅ «አቤት እማዬ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። እዚህ ላይ ማን መቼ እንደሚስቅ ልብ በሉ። ልጁ አይስቅም፤ የሰማው ስሙን ብቻ ነው። እንግዳውም በመጀመሪያዋ ቅጽበት አይስቅም፤ «በቃህ» እንደተባለ ቆጥሮ አፍሯል። እናቲቱ የተሰበሰበውን እጅ ስታይ ትስቃለች፤ የጠራችው ስምና እንግዳው የሰማው ቃል በአንድነት ታይተዋታልና። እንግዳው ደግሞ «አቤት» የሚለውን ሲሰማ ሁለተኛው ትርጉም ይገለጥለትና ከእርሷ እኩል ይስቃል። አለመግባባቱ ከመነሻው ነበረ፤ ሳቁ ግን አለመግባባቱ ባበቃበት ቅጽበት መጣ። አለመግባባቱ የሳቁ ምክንያት ቢሆን ኖሮ እንግዳው ገና ሲያፍር መሳቅ ነበረበት።

የሥነ ልቡና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 እ.ኤ.አ. ስለ ቀልድ ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ላይ ያነጣጠረ ቀልድ ሦስት ሰው እንደሚፈልግ ጽፏል፤ አንዱ የሚቀልደው፣ ሁለተኛው የሚቀለድበት፣ ሦስተኛው የሚሰማው። ከፍሮይድ ሌሎች አሳቦች ጋር የማይስማማ ሰው እንኳ ይህን ትዝብት መካድ ይቸግረዋል። በተሳሳቱት ሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የቀረ ስሕተት ስሕተት ሆኖ ይቀራል። ሁለቱንም ወገን የሚያይ ሦስተኛ ሰው ሲገኝ ወይም ከተሳሳቱት አንዱ ራሱ ሦስተኛ ሰው ሆኖ ነገሩን ከውጭ ሲያየው ግን ያው ስሕተት ቀልድ ይሆናል። ቀልድ ሲብራራ የሚሞተውም ለዚሁ ነው። ሰሚው ሁለቱን ትርጉሞች አስቀድሞ ይዞ ካልጠበቀ፣ አስረጂው ሁለተኛውን ዘግይቶ ሲያቀብለው መገናኛዋ ቅጽበት አልፋለች። አብራሪው ዕውቀት ይሰጣል፤ ሳቁን ግን መመለስ አይችልም። ቀልድ እንግዲህ ሳይነገር የሚሰጥ የቋንቋ ፈተና ነው፤ የሳቀ አልፏል።

አማርኛ ለዚህ ፈተና የተመቸ ቋንቋ ነው፤ ፊደሉም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ግእዝ ፊደል ማጥበቅንና ማላላትን በጽሑፍ አይለይም። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ አንድ በላተኛ አለ፤ ጠብቆ ሲነበብ በላተኛው ራሱ ተበይ ይሆናል። ለበዓል በግ የሚሸጥ ነጋዴ በጉ ጤነኛ መሆኑን ለማስረዳት «ደኅና ይበላል» ብሎ መልእክት ቢልክ፣ ገዥው ሥጋው ይጣፍጣል ማለቱ ነው ብሎ ሊያነብ ይችላል። ሁለቱም በበጉ ይስማማሉ፤ ስለ የትኛው በልቶ አዳሪ እንደሚነጋገሩ ግን ገና አልተስማሙም። «ገና» ራሱስ? አበዳሪ «ገንዘቤን መቼ ነው የምትመልስልኝ?» ብሎ በስልክ ይጽፋል። ተበዳሪ «ገና ነው» ብሎ ይመልሳል። አበዳሪው ደስ ብሎት ታኅሣሥ 29ን ይጠብቃል። በዓሉ ባለፈ ማግስት «ገና አለፈ እኮ!» ብሎ ሲመጣ ተበዳሪው «እኔስ ገና ነው አላልኩህም?» ይለዋል። ሁለቱ ፊት ለፊት ቢነጋገሩ ኖሮ የ«ና» መጥበቅና መላላት ነገሩን ይለየው ነበር። ጽሑፉ ግን ድምፁን ስለሸሸገ ለሁለቱም የሚበቃ ክፍተት ተወ። ሰዎች ከድምፅ ይልቅ በአጭር መልእክት መነጋገር ባበዙበት በዚህ ዘመን የዚህ ዓይነት ቀልድ መብዛቱ አያስገርምም።

በእነዚህ ምሳሌዎች ውስጥ ሁለት ሕጎች ይታያሉ። የመጀመሪያውን ሮማዊው ተናጋሪ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው ድርሰት ላይ አስቀምጦታል። ቀልድ ከነገሩ የሚመጣ አለ፣ ከቃሉ የሚመጣ አለ፤ ቃሉ ተለውጦ ሳቁ ከጠፋ ሳቁ የቃሉ ነበር። በተበዳሪው መልስ ውስጥ «ገና ነው»ን አውጥታችሁ «አሁን የለኝም» የሚለውን አግቡ፤ የሚቀረው ተራ የዕዳ ጭቅጭቅ ነው። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ሁለቱም ትርጉሞች ለቦታው የሚስማሙ መሆን አለባቸው የሚል ነው። መንታ ፍች ያለው ቃል ሁሉ አያስቅም፤ ቢያስቅ ኖሮ መዝገበ ቃላት የሚያነብ ሰው ሲንፈራፈር ይውል ነበር። ገና የዕዳ መክፈያ ቀን ሊሆን መቻሉ፣ «ይበቃል» በገበታ ላይ ዘወትር የሚባል ቃል መሆኑ፣ በግም በላተኛም ተበይም መሆኑ ነው ቀልዱን ያቆመው። ስለዚህ የተሳሳተው ሰው ሞኝ አይደለም። የሰማውን ቃል ከሁኔታው ጋር አገናዝቦ ተገቢውን ትርጉም ወስዷል። ጥሩ የቃል ቀልድ የሚያሳየን የተሳሳተ ሰው ምን ያህል ትክክል እንደነበረ ነው።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን አዲስ አይደለም። የቅኔ ቤት ሊቃውንት አንዱን ቃል ለሁለት ትርጉም ሲያሳድሩት ኅብረ ቃል ብለውታል፤ ላይ ላዩን የሚሰማውን ሰም፣ ውስጡ ያለውን ወርቅ ሲሉ ሰይመውታል። ባለ ሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለቱን ለመሸከም አታንስም። የቅኔ ተማሪ የሚመዘነው ሰሙን በመስማቱ ብቻ፣ ወይም ሰሙን ንቆ ወርቁን በመጨበጡ ብቻ አይደለም፤ ሰሙ ራሱ እንደ ሰም ካልቆመ ቅኔው ይፈርሳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆች «እንቆቅልሽ» ሲባሉ «ምን አውቅልህ» እያሉ፣ መልሱ ሲጠፋባቸው አገር እየሰጡ፣ አንድን ነገር በሁለት ዓይን ማየትን ይለማመዳሉ። በቀልድ በኩል ከሁሉ የገነነው ስም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የፎገራው ሊቅ የአለቃ ገብረ ሐና ነው። ሰዉ የሚያስታውሳቸው በጨዋታቸው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን በዝማሜና በአቋቋም ሊቅነታቸውም ያውቋቸዋል። ሁለቱ ከአንድ ራስ መውጣታቸው ለክርክሬ ደጋፊ ማስረጃ ነው፤ በቃል የሚጫወት ሰው ቃልን ከሌላው አብልጦ የሚያውቅ ሰው ነው። በስማቸው ከሚነገሩት ጨዋታዎች በአንዱ አህያ የሚነዳ ሰው ሲያገኙ ሰላምታውን ለብዙ ሰው በሚሰጠው አነጋገር «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ያቀርባሉ። ስድብ የለበትም፤ እንዲያውም ቃሉ ትሕትና ነው። ነጂው አክብሮቱን ብቻ ከሰማ አመስግኖ ያልፋል፤ ቁጥሩን ከሰማ ግን ሰላምታው ለማን ለማን እንደተከፈለ ይገባዋል። በርግጥ በስማቸው የሚነገረው ሁሉ ከአፋቸው ወጥቷል ማለት አይቻልም። ሕዝብ ባለቤቱ የጠፋበትን ጨዋታ ለታወቀ ስም ይሰጣል። ለእኛ ጉዳይ ግን ሕዝቡ ራሱ ፈጥሮት ቢሆንም ማስረጃነቱ አይቀንስም፤ ፈጣሪውም ሰሚውም ሁለቱን ትርጉሞች የሚይዝ ሕዝብ መሆኑን ያሳያልና።

እዚህ ላይ ከናንተ መካከል አንዱ ተነሥቶ «ቅኔና ሰምና ወርቅ የሰሜኑ ደጋ ቅርስ ናቸው፤ ለከምባታና ለሀዲያ ልጅ ምን ያገባዋል?» ቢለኝ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ከዚሁ ከመንደሩ ይገኛል። ከምባትኛ፣ ሀዲይኛና ሲዳምኛ የአንድ የኩሽ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በከምባታ ያገባች ሴት የአማቶቿን ስም አለመጥራቷ ብቻ ሳይሆን፣ በስማቸው የመጀመሪያ ቀለም የሚጀምሩትን ሌሎች ቃላትም የምታስቀርበት ባሊሻ የሚባል የአክብሮት ልማድ ነበረ፤ በሲዳማም ይታወቃል። ምራቲቱ የተከለከለችውን ቃል በሌላ ትተካለች፤ ተመሳሳይ ፍች ያለው ቃል ታመጣለች፣ ነገሩን በጠባዩ ትጠራዋለች፣ ወይም ለዚሁ የተለየ ቃል ትጠቀማለች። የከምባትኛን ሰዋስው ያጠናችው የቋንቋ ምሁር ኢቮን ትራይስ ይህን ልማድ በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በዝርዝር ገልጻዋለች፤ ዛሬ እየተረሳ መሄዱም የታወቀ ነው። ከእኛ ርእስ አንጻር ሲታይ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ምን እንደተማረ አስቡ። አያቱ አንዱን ነገር በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ እናቱ በሌላ ቃል ትጠራዋለች፤ የጎረቤት ሚስት ደግሞ የአማቶቿ ስም ሌላ ስለሆነ በሦስተኛ ቃል ትጠራዋለች። ልጁ የሚሰማውን ቃል ከተናጋሪዋ ጋር አገናዝቦ ካልተረጎመ የታዘዘውን ዕቃ አያመጣም። በቅኔ ቤት አንዱን ቃል ለሁለት ነገር ማሰብ ይለመዳል፤ በባሊሻ ቤት አንዱን ነገር በብዙ ቃል ማሰብ ይለመዳል። መንገዱ ቢለያይም የሚሠለጥነው ጆሮ አንድ ነው።

ከዚህም በላይ በዳምቦያ ገበያ የሚውል ሰው በአንድ ቋንቋ ብቻ አይውልም። ከምባትኛ፣ ሀዲይኛና አማርኛ፣ ከሀላባ በኩል የመጣም ካለ ሀላብኛ በአንድ ቀን ይሰማሉ። እነዚህ ቋንቋዎች አንዱ የሚለየውን ሌላው ይጨፈልቀዋል። ማጥበቅና ማላላት በከምባትኛም፣ በሀዲይኛም፣ በአማርኛም ትርጉም ይለውጣል። የአናባቢ መርዘምና ማጠር ግን በከምባትኛና በሀዲይኛ ትርጉም ሲለውጥ በአማርኛ አይለውጥም፤ ስለዚህ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ጆሮ ልዩነቱን ሳይሰማው ያልፋል። በጽሑፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከምባትኛና ሀዲይኛ የሚጻፉበት የላቲን ፊደል የጠበቀውን ድምፅ በሁለት ፊደል ያሳያል፤ የግእዝ ፊደል ይሸሽገዋል። እንደ «ገና» ያለው ቀልድ በከምባትኛ የአጻጻፍ ሥርዓት ቢጻፍ ገና ሲነበብ በተጋለጠ ነበር። የቀልድ መሸሸጊያ ከቋንቋ ቋንቋ፣ ከፊደል ፊደል ይለያያል። ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ግን የሁሉንም መሸሸጊያ ያውቃል። እናንተ በሁለት ቋንቋ የምታድሩ ሰዎች ለቀልድ ከአንድ ቋንቋ ተናጋሪ የተሻለ ስንቅ አላችሁ የምለው ለማሞገስ ብዬ አይደለም፤ ከክርክሩ በቀጥታ የሚከተል ነገር ስለሆነ ነው።

አሁን የክርክሬን ዋና ማስረጃ ላቅርብ። በከምባታና በሀዲያ ቆጮ ዋሳ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ለሌላው ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ዋስ ነው። ልጃቸው በትንሽ ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ የዋለባቸው አንዲት እናት መጡ እንበል። ፖሊሱ «እናቴ፣ ዋስ ይዘው ይምጡ፣ ልጁ ይወጣል» ይላቸዋል። እናት ቤታቸው ሄደው ዋሳ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይመለሳሉ። ፖሊሱ «ዋሱ የታል?» ሲል ጥቅሉን ፈትተው ያሳዩታል። «ይኸው ልጄ፤ ትኩስ ነው፣ አንተም ቅመስ።» ቅድም ባየናቸው ሕጎች ብንመዝነው ቀልዱ የቆመ ነው። ሁለቱም ትርጉሞች ለቦታው ይስማማሉ፤ ጣቢያ ለዋለ ሰው ዋስ መጥራት ደንብ ነው፤ ምግብ ማድረስም የእናት ወግ ነው። እናት የሰሙት ቃል በአገራቸው ያለ፣ ለሁኔታው የሚገባ፣ በደግነት የተመለሰ ቃል ነው። ዳምቦያ ውስጥ ይህ ቢነገር ሰሚው ዋስንም ዋሳንም ስለሚያውቅ በአጋጣሚው ይስቃል፤ እናትንም ይወዳቸዋል። ያው ቀልድ ዋሳ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ፊት አዲስ አበባ ቢነገርስ? እዚያ ያለው ሰሚ በእጁ የቀረው አንድ ትርጉም ብቻ ነው። ሁለተኛው ትርጉም ስለሌለው ቀልዱ ውስጥ የሚያየው «አማርኛ የማይገባቸው አሮጊት» ብቻ ነው። ሊስቅ ይችላል፤ የሚስቀው ግን በእሳቸው ነው። ቃሉ አልተለወጠም፣ ታሪኩም አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰሚው ዕውቀት ነው። አንዱ ጋ ጨዋታ የነበረው ሌላው ጋ ስድብ የሆነው ግማሹ ትርጉም መንገድ ላይ ስለቀረ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የቶማስ ሆብስ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በ1651 እ.ኤ.አ. በታተመው ታላቅ መጽሐፉ ሰው የሚስቀው የሌላውን ጉድለት አይቶ ራሱን ድንገት ከፍ ብሎ ሲያገኘው ነው ብሎ ነበር። በዚህ አስተያየት አዲስ አበባ ያለው ሰሚ የሳቀው ሳቅ እውነተኛው ሳቅ ነው፤ የዳምቦያው ሰሚም ቢሆን ጨዋነት ሸፍኖት እንጂ በእናትየው ነው የሳቀው። የሌላ ቋንቋ ልጅ አማርኛ ሲናገር አፉን እያስመሰሉ ማሳቅ በመድረክም በየቡና ቤቱም የቆየ ልማድ መሆኑ ሆብስን የሚደግፍ ይመስላል። እንዲህ ያለ ሳቅ መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ሁለቱን ሳቆች ለይቶ የሚያሳይ ፈተና አለ፤ ሰዎቹን ማቀያየር ነው። ፖሊሱ ከምባታ ቤት እንግዳ ሆኖ ገባ እንበል። ባለቤቲቱ «ዋሳ ብላ» ስትለው «ዋስ ይጠራል እንጂ ይበላል እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። አሁን የተሳሳተው የመንግሥት ሰው ነው፣ አዋቂዋ የገጠር ሴት ናት፤ ቀልዱ ግን አልሞተም። የበላይና የበታች ቦታ ሲለዋወጡ ሳቁ ካልጠፋ፣ ሳቁን የተሸከመው ቃሉ እንጂ የሰው ጉድለት አልነበረም። አፍ የማስመሰሉን ቀልድ ግን ወደዚሁ ፈተና አስገቡት። ተመልካቹ ራሱ ከምባትኛ እየሞከረ ሲንተባተብ ቢታይ አዳራሹ ይስቃል? እርሱስ ይታገሣል? እዚያ ሁለተኛ ትርጉም የለም፤ የተሳሳተው ሰው የሰማው ሌላ ተገቢ ነገር የለም፤ ድምፁ ብቻ ነው የሚሳቅበት። ሆብስ የገለጸው ሳቅ አለ፤ የቃል ቀልድን ግን አይገልጽም።

ሌላው ተቃውሞ ከማኅበራዊ ሳይንስ ይመጣል። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ሰምና ወርቅ በሚል ርእስ ባሳተመው መጽሐፍ መንታ አነጋገር ለአማራ ባህል የማያልቅ የጨዋታ ምንጭ፣ ሰውን በጨዋ ደንብ የመንካት ዘዴ፣ ገመናን የመሸፈኛ መጋረጃ፣ ባለሥልጣንን የመተቸት መውጫ መሆኑን አሳይቷል። ዘመናዊ ሥራ ግን የማያሻማ ቋንቋ እንደሚፈልግ አበክሮ ጽፏል። ታዲያ መንታ ቃልን ማሞገስ ግልጽነትን ማዳከም አይሆንም? ሕግ፣ ሕክምና፣ ሒሳብ ግልጽ መሆን እንዳለባቸው እኔም አምናለሁ፤ የሐኪም ትእዛዝ ላይ ወርቅ የሚፈልግ በሽተኛ ይጠፋል። ሆኖም አታላይና ቀልደኛ የሚለያዩበት ነጥብ ተዘንግቷል። ሁለቱም መንታ ቃል ይጠቀማሉ። አታላይ ሁለተኛው ትርጉም እንዳይታወቅበት ይደክማል፤ ቢታወቅበት ሥራው ፈረሰ። ቀልደኛ ሁለተኛው ትርጉም እንዲታወቅለት ይደክማል፤ ካልታወቀለት ሥራው ፈረሰ። ስለዚህ ቀልድ አሻሚነትን በአደባባይ ያጋልጣል። ዘወትር በቃል የሚጫወት ሕዝብ የትኛው ቃል የት ላይ እንደሚከዳ ያውቃል። በውል ላይ የብሩን መጠን በአኃዝ ጽፎ እንደገና በፊደል የሚደግም ጸሐፊ ቃልና ቁጥር እንደሚያሳስቱ ያወቀ ሰው ነው። የጨዋታ ጆሮ ያለው ሰው ውል ሲያነብም ያው ጆሮ አብሮት አለ።

«ቀልድ ሁሉ የቃል ቀልድ ነው እንዴ?» የሚል ቢኖር፣ አይደለም። ጭቃ ያዳለጠውን ሰው አይቶ የሚስቅ፣ ሰካራም ሲዘፍን የሚስቅ፣ ኮረኮሩኝ ብሎ የሚስቅም አለ። የእኔ አሳብ ለእነዚህ ሁሉ መልስ እሰጣለሁ አይልም። የሚለው በቃል ላይ የተሠራ ቀልድ ሲገጥመን ሳቁን ከተሳሳተው ሰው ጉድለት ሳይሆን ከሰሚው ምሉእ ግንዛቤ እንፈልገው ነው። ይህን ያህል ብቻ ከተቀበላችሁኝ ለኑሯችን የሚበቃ ውጤት አለው።

ውጤቱም ይህ ነው። ቀልድ የምታወሩ ሁሉ ሁለተኛውን ትርጉም ይዛችሁ ሂዱ። የከምባትኛ ወይም የሀዲይኛ ቃል ያለበትን ቀልድ ለማያውቅ ሰው ስትነግሩ ቃሉን አስቀድማችሁ በወሬ መሀል አስተዋውቁት፤ ስለ ዋሳ ጣዕም ጥቂት አውርታችሁ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ብትሄዱ ሰሚው ከእናት ጋር ይስቃል። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ቀልዱን ተዉት፤ ግማሽ ቀልድ ሙሉ ስድብ ነው። መምህራን ሆይ፣ ማጥበቅና ማላላትን፣ የአናባቢ ርዝመትን፣ መንታ ቃልን ስታስተምሩ ከተማሪው ቤት የመጣ ቀልድ አስመጡና በእርሱ አስተምሩ፤ የሳቀው ተማሪ ትምህርቱ እንደገባው ለማወቅ ሌላ ፈተና አያስፈልጋችሁም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሀዲያ ከ1.2 ሚሊዮን፣ ከምባታ ከ600 ሺህ በላይ ሕዝብ ነበራቸው። የዚህን ያህል ሕዝብ ጨዋታ በሽማግሌዎች አፍ ብቻ መተው አይገባም። ወጣቶች፣ በተለይ ሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ቋንቋ የምታጠኑ፣ የአያቶቻችሁን ቀልድ በከምባትኛና በሀዲይኛ እንደተነገረ ጻፉ፤ ባሊሻ የሚያውቁ እናቶችም በሕይወት ሳሉ ጠይቋቸው። ስትጽፉ የተናጋሪውን ቃል ብቻ ሳይሆን ሰሚው የሰማውንም ቃል መዝግቡ፤ ያለ እርሱ ቀልዱ አልተጻፈም።